ሥር፣ ቅጠልና መጠን፦ የመድኃኒት ዕፅዋታችን ታሪካዊ ቅኝት

በደጋውና በወይና ደጋው አገራችን ጤና አዳም የሌለበት ጓሮ ማግኘት ያስቸግራል። ከአጥሩ ሥር ዳማከሴ፣ ከደጃፉ አሪቲ፣ ከማጀቱ ኋላ ግራዋ ይበቅላል። ምች የመታው ልጅ ከቤት ሲገባ እናት ወደ ጓሮ ወጣ ብላ የዳማከሴ ቅጠል ትቀነጥባለች። በመዳፏ አሽታ ጭማቂውን ጠብ ጠብ አድርጋ በቡና ታጠጣዋለች፤ በቀረው ግንባሩንና የቆሰለ ከንፈሩን ትቀባዋለች፤ የታሸውን ቅጠልም እያሸተተ እንዲተኛ በእጁ ታስይዘዋለች። ለአዋቂ ስንት ቅጠል እንደሚበቃ፣ ለሕፃን ምን ያህል እንደሚቀነስ ከመጽሐፍ አላነበበችም። እናቷ ስታደርግ እያየች አድጋ ነው የያዘችው።

የኢትዮጵያ ባህላዊ መድኃኒት ታሪክ ከዚህ ጓሮ ይነሳል። ከዚያ ወደ ደብተራው ብራና፣ ወደ ጎንደር አብያተ መንግሥት፣ ወደ አውሮፓ መድኃኒት ቤቶችና ወደ ዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ ይዘልቃል። በዚህ ረጅም መንገድ ላይ ደጋግሞ የሚታይ አንድ ሐቅ አለ። ዕፁ ከእጅ ወደ እጅ በቀላሉ ያልፋል፤ መጠኑ፣ ጊዜው፣ አዘገጃጀቱና ክልከላው ግን በየመንገዱ ይንጠባጠባል። መጠኑ አብሮ ሲሻገር ዕፁ ሕይወት ያድናል፤ መጠኑ ወደ ኋላ ሲቀር ግን ወይ ከንቱ ይሆናል፣ ወይ ይጎዳል።

አገሩና ዕፁ

ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ከሚለው የአፋር ረባዳ ምድር ተነስቶ ከ4,500 ሜትር በላይ እስከሚዘልቀው ራስ ዳሸን ድረስ ያለው የከፍታ ልዩነት ለዕፅዋት ሰፊ ርስት ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 ተጀምሮ በ2009 የተጠናቀቀው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት ጥናት ወደ 6,000 የሚጠጉ ዝርያዎችን መዝግቧል። ይህን ሁሉ የሚያውቅ አንድ ሕዝብ ወይም አንድ ባለሙያ የለም። ኦሮሞው፣ አማራው፣ ትግሬው፣ ጉራጌው፣ ሲዳማው፣ አፋሩና ኮንሶው እያንዳንዱ በሚኖርበት ምድር ላይ የራሱን እውቀት አካብቷል። በኮንሶ ሽፈራው ከእርሻው እርከን ላይ ተተክሎ እንደ ጎመን የሚበላ የዕለት ምግብ ነው፤ ሆድ ሲታመምም ሌላ ሕመም ሲመጣም ቅጠሉ እንደ መድኃኒት ይፈለጋል።

ምግብና መድኃኒት በብዙ ቤት አይነጣጠሉም። ፌጦ ለሆድ ቁርጠት በውኃ ተበጥብጦ ይጠጣል። ጥቁር አዝሙድ ድስት ውስጥ ይገባል፣ ጉንፋን ሲይዝ ደግሞ ሞቅ ተደርጎ በንጹሕ ጨርቅ ተቋጥሮ ይሸተታል። ነጭ ሽንኩርት በማር፣ ዝንጅብል በሻይ፣ ጦስኝ ለሳል፣ ጤና አዳም ለሆድና ለቡና። እሬትን ጡት የሚያስጥሉ እናቶች ጡታቸው ላይ ይቀቡታል፤ መራራነቱ ሕፃኑን ከጡት ያርቀዋል። ሐረግ ሬሳ ተቀቅሎ ምች የመታው ሰው በጋቢ ተሸፋፍኖ ይታጠነዋል።

ይህ እውቀት ቆሞ የቀረ አይደለም። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ከውጭ የገባው ባሕር ዛፍ ሥር ከሰደደ በኋላ ቅጠሉ ከሐረግ ሬሳው ጎን ማሰሮ ውስጥ ገብቶ የጉንፋን መታጠኛ ሆኗል። ዛሬ በአሜሪካ ወይም በእስራኤል የሚኖሩ ወገኖቻችን በረንዳቸው ላይ በሸክላ ጤና አዳም ሲያሳድጉ፣ ከአገር ቤት የሚመጣ ዘመድ ጥቁር አዝሙድና ኮሰረት እንዲይዝላቸው ሲያዙ ይኸው ታሪክ እየቀጠለ ነው።

አዋቂውና ደብተራው

ከጓሮው አልፎ ከባድ ሕመም ሲመጣ ሰው ወደ ባለሙያ ይሄዳል። ስብራት ሲሆን ወደ ወጌሻ፣ ምጥ ሲሆን ወደ ልምድ አዋላጅ፣ ሥርና ቅጠል የሚጠይቅ ደዌ ሲሆን ወደ መድኃኒት አዋቂ። አዋቂው የሚቆፍረውን ሥር የሚያውቀው ከአባቱ ነው፤ እሱም በተራው ከልጆቹ መካከል ታማኝ ላለው፣ ብዙ ጊዜ ለበኩሩ፣ በስተርጅናው ያሳየዋል። ሥሩ ጎህ ሳይቀድ፣ በባዶ ሆድ፣ ከሰው ሳይነጋገሩ እንዲነቀል የሚያዝዙ ብዙዎች ናቸው። ምስጢሩ ሁለት ነገር ይጠብቃል፤ የቤተሰቡን እንጀራና የመድኃኒቱን ክብር። ስሙ በየአደባባዩ የተጠራ ዕፅ ኃይሉን ያጣል የሚል እምነትም በሰፊው አለ።

በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያደገው ደብተራ ደግሞ ብዕር ጨመረበት። የመድኃኒት መጽሐፍ፣ ዕፀ ደብዳቤ፣ እየተባሉ የሚጠሩት ጽሑፎች ከእጅ ወደ እጅ እየተገለበጡ ኖረዋል። አቀራረባቸው አጭር ነው፤ የሕመሙ ስም ይጠራል፣ ከዚያ የዚህ ሥር፣ የዚያ ቅጠል፣ የሌላው ፍሬ ይዘረዘራል፣ ተደቁሶ በማር እንዲለወስ ወይም በጠላ እንዲጠጣ ይነገራል። ከአጠገቡ ጸሎትና አስማት ይገኛል። ለጸሐፊው ሥጋና መንፈስ የአንድ ሰው ሁለት ገጽታ ስለሆኑ አንዱን አክሞ ሌላውን መተው አይታሰበውም ነበር። መጠን ግን በጽሑፉ ላይ አንዳንዴ አለ፣ ብዙ ጊዜ የለም። የመጽሐፉ ባለቤት ያንን ከመምህሩ አፍ ስለተቀበለ መጻፍ አላስፈለገውም።

ይህ ክፍተት በኋላ ለተነሱ አጥኚዎች ትልቅ እንቅፋት ሆነ። ፈረንሳዊው ማርሴል ግሪዮል እ.ኤ.አ. በ1930 የአንድ ደብተራ የመድኃኒት መጽሐፍ ተርጉሞ አሳተመ። ፖላንዳዊው ስቴፋን ስትረልሲን እ.ኤ.አ. በ1968 እና በ1973 በሁለት ቅጽ የኢትዮጵያን የመድኃኒት ጽሑፎችና የዕፅዋቱን ስሞች በጥልቀት አጠና። በአገር ውስጥ ደግሞ ገላሁን አባተ ያዘጋጀው «ዕፀ ደብዳቤ» እ.ኤ.አ. በ1989 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ታተመ። እነዚህ ሥራዎች ባይኖሩ ብዙ ቃል ከብራናው ጋር በተበላ ነበር። ሆኖም የታተመውን የሚያነብ ሰው የዕፁን ስም ያገኛል እንጂ እጁን ይዞ «ይህን ያህል» የሚለውን መምህር አያገኝም።

ኮሶ

ከመድኃኒት ዕፅዋታችን መካከል ዝናው ባሕር ከተሻገረው አንዱ ኮሶ ነው። ዛፉ በደጋ፣ ከ2,000 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ ይበቅላል፤ በባሌ ዲንሾ አካባቢ ዛሬም ከጽድ ጋር ተቀላቅሎ ደን ሆኖ ይታያል። ወንድና ሴት ዛፉ የተለያዩ ናቸው። ለመድኃኒት የሚፈለገው ቀላ ያለው፣ ተንዘርፍፎ የሚወርደው የሴቷ አበባ ነው።

ጥሬ ሥጋ በሚወደድበት አገር የኮሶ ትል የማይቀር እንግዳ ስለሆነ ኮሶ መጠጣት የኑሮ ሥርዓት ነበር። የ18ኛውና የ19ኛው መቶ ዘመን ተጓዦች ሰዉ በየወሩ ወይም በየሁለት ወሩ እንደሚጠጣው ጽፈዋል። አበባው ደርቆ ይወቀጣል፤ በውኃ ወይም በጠላ ተበጥብጦ ማለዳ በባዶ ሆድ በአንድ ትንፋሽ ይጨለጣል። ጠጪው ትሉ እስኪወጣ ምግብ አይቀምስም፣ ከቤትም አይርቅም። ለዚህም ነው በባለሥልጣን ደጅ «ኮሶ ጠጥተዋል» የሚለው ምላሽ ባለጉዳይን ያለ ቅሬታ የሚመልስ የተከበረ ምክንያት ሆኖ የኖረው።

እ.ኤ.አ. በ1769 ምጽዋ የደረሰውና በተከታዩ ዓመት ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ፣ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ የኮሶን ዛፍና አበባ በሥዕል ጭምር ለአውሮፓ አቀረበ። እ.ኤ.አ. በ1820ዎቹ ብራዬ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ኮሶን በቁስጥንጥንያ አገኘውና ስለ ፈዋሽነቱ አወጀ። እ.ኤ.አ. በ1864 በወጣው የመጀመሪያው የብሪታንያ የመድኃኒት መዝገብ ውስጥ ኮሶ ስሙ ገባ። የሰሜኑ ደጋ ገበሬ የሚያውቀው አበባ በለንደን መድኃኒት ቤት መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ።

እዚያ ግን ዝናው አልቆየም። አበባው ሲያረጅ ኃይሉ ይደክማል፤ ባሕር አቋርጦ፣ መጋዘን ውስጥ ከርሞ ለሕመምተኛው ሲደርስ ብዙ ጊዜ የከሸፈ ነበር። የሴቷ አበባ ከወንዱ ጋር ተደባልቆም ይሸጥ ነበር። ትኩሱን ከቆየው፣ ሴቷን ከወንዱ የሚለይ ዓይን አብሮ አልተጫነም። በአገር ቤትም መጠኑን ያሳተ ሰው ዋጋ ከፍሏል። ኮሶ ሲበዛ ክፉኛ ያስመልሳል፣ ያዝላል፣ የዓይን ነርቭን ሊጎዳ ይችላል፤ ነፍሰ ጡርም ልትነካው አይገባም። አሮጊቶቹ ነፍሰ ጡርን፣ ሕፃንንና ደካማን የሚከለክሉት ያለ ነገር አልነበረም። ኪኒን ከመጣ በኋላ ኮሶ ከብዙ ቤት ወጥቷል፤ ለትል ሕመም ቀላሉና አስተማማኙ መድኃኒትም ዛሬ ይኸው ኪኒን ነው።

ዋጊኖስና እንግዶቹ

ብሩስ ከኮሶ ሌላ ሁለተኛ ዕፅ ይዞ ሄዷል። በምዕራቡ ቆላ፣ ከሱዳኑ ስናር ድንበር አጠገብ፣ ሰዎች ተቅማጥን በዋጊኖስ ሥር ቅርፊት ሲያክሙ አየ፤ እሱም ሲታመም ቀምሶ እንደዳነ ጻፈ። ዘሩ እንግሊዝ አገር በቀለ፣ ዕፁም በሳይንስ ስሙ የብሩስን ስም ያዘ። ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1973፣ ኩፕቻን የተባለ አሜሪካዊ ኬሚስት ከባልደረቦቹ ጋር ከዚሁ ዕፅ ብሩሴያንቲን የሚባል ንጥረ ነገር አወጣ። በቤተ ሙከራ የደም ካንሰርን እንደሚቋቋም ቢታይም በሰው ላይ የተደረገው ሙከራ የተጠበቀውን ውጤት አላመጣም። ዕፁን ያሳዩት የቆላ ሰዎች ግን በሳይንስ ስሙ ውስጥ አልተጠሩም።

ስማቸው ያልተጠራው እነሱ ብቻ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1837 ኢትዮጵያ ገብቶ እስከ ዕለተ ሞቱ እዚሁ የኖረው ጀርመናዊው ዊልሄልም ሺምፐር በአርባ ዓመት ውስጥ ሺዎች የሚቆጠሩ ዕፅዋት ሰብስቦ ወደ አውሮፓ ላከ። ጦስኛችን፣ እንቆቋችን፣ ስሚዛችን በሳይንስ ስማቸው ሺምፐርን ይጠራሉ። ሰውየው አገሩን ወዶ፣ ትዳር መሥርቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1878 ዓድዋ ላይ ያረፈ ነውና ድካሙን ማሳነስ ግፍ ይሆናል። ግን እያንዳንዱን ዕፅ «ይህ ለዚህ ይሆናል» ብሎ ያሳየው ገበሬ፣ እረኛ ወይም አዋቂ ነበር። በዚያ ዘመን ዕፁ ወጣ፣ እውቀቱ ከፊሉ ወጣ፣ ባለቤቱ ግን ቀረ።

እንዶድ፦ መጠኑን ራሳችን የለካነው

ሺምፐር በሞተ መቶ ዓመት ሳይሞላ፣ እዚያው ዓድዋ፣ ታሪኩ ሌላ መልክ ያዘ። እ.ኤ.አ. በ1964 ወጣቱ ሳይንቲስት አክሊሉ ለማ ቢልሃርዝያን እያጠና ወንዝ ዳር ቆሞ ነበር። ቢልሃርዝያ የሚተላለፈው በውኃ ውስጥ በሚኖሩ ትንንሽ ቀንድ አውጣዎች በኩል ነው፤ የበሽታው ትል በቀንድ አውጣው ውስጥ ያድግና ወደ ውኃው ወጥቶ እግሩን የነከረውን ሰው ቆዳ ሰርስሮ ይገባል። አክሊሉ አንድ ነገር አስተዋለ። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተዋል። ከወንዙ ላይኛው በኩል ሕያዋን ቀንድ አውጣዎች አስመጣና የእንዶዱን አረፋ አስነካቸው። ሞቱ።

እንዶድን አገሩ በሙሉ ያውቀዋል። ፍሬው ደርቆ ይወቀጣል፣ ሲታሽ አረፋ ይደፍቃል፣ ነጠላና ጋቢ እንደ እሱ የሚያነጣ የለም ይባልለታል። አክሊሉ ያመጣው አዲስ ነገር መለካት ነበር። ስንት እንዶድ በስንት ውኃ፣ ለስንት ሰዓት፣ የትኛው የእንዶድ ዓይነት ይበልጥ ይሠራል? ለገሰ ወልደ ዮሐንስ የተለያዩ ዓይነቶችን ከየቦታው ሰብስቦ፣ ተክሎና አወዳድሮ ምርጡን ለየ። እ.ኤ.አ. በ1966 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ተቋቋመ፤ ዛሬ የአክሊሉ ለማን ስም ይዟል። በዓድዋ ለአምስት ዓመት በተካሄደው ሙከራ፣ ውኃው በእንዶድ ከታከመ በኋላ፣ በሕፃናት ላይ የነበረው የቢልሃርዝያ ስርጭት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ።

ዓለም አቀፍ ድጋፍ ግን በዝግታ ነው የመጣው። የመርዛማነቱ ምርመራ በሀብታም አገሮች ቤተ ሙከራ መደገም አለበት ተባለ፣ ዓመታት ነጎዱ። አክሊሉ ይህን በአደባባይ ተናግሯል፤ የአፍሪካ ሳይንቲስት በአፍሪካ ምድር የሠራው ሥራ በመነሻው የሚጠረጠርበትን ልማድ አጥብቆ ተቃውሟል። እ.ኤ.አ. በ1989 እሱና ለገሰ በስዊድን የሚሰጠውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት በጋራ ተቀበሉ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ደግሞ በአሜሪካ የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ እንዶድ የውኃ ቧንቧ የሚደፍነውን የዜብራ ዛጎል እንደሚገድል ተረጋግጦ የፈጠራ ባለቤትነት መብት ተወሰደበት። ለትውልዶች በእንዶድ ያጠቡ ሴቶችና አገራቸው ከዚህ ምን ያገኛሉ የሚለው ክርክር ያኔ ተነሳ።

በእኔ እምነት ይህ በዕፅዋታችን ታሪክ ውስጥ ከሁሉ የላቀው ምዕራፍ ነው። የሴቶቹ የዘወትር እውቀትና የሳይንቲስቱ ልኬት አንድ ወንዝ ዳር ተገናኙ፤ ውጤቱም በሕፃናት ጤና ታየ።

ሕጉና ተቋሙ

ዘመናዊ ሕክምና ከዓድዋ ድል በኋላ እ.ኤ.አ. በ1896 በመጣው የሩሲያ ቀይ መስቀል ቡድን እግሩን ተከለ፤ ከዚያ ሆስፒታልና መድኃኒት ቤት በአዲስ አበባ ተከፈተ። ባህላዊው አልጠፋም፤ ከጎኑ ቀጠለ። እ.ኤ.አ. በ1978 የአልማ አታ ዓለም አቀፍ የጤና ጉባኤ ባህላዊ ባለሙያዎች በመሠረታዊ ጤና ላይ ድርሻ እንዳላቸው ካወጀ በኋላ፣ በቀጣዩ ዓመት በጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ሥር የባህላዊ መድኃኒት ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ተቋቋመ። ከዚያ ወዲህ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ዕፅዋቱን በቤተ ሙከራ ሲመረምር ቆይቷል፤ የወንዶ ገነት የግብርና ምርምር ማዕከል የመድኃኒትና የመዓዛ ዕፅዋትን ያባዛል፣ በአዲስ አበባ የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ይጠብቃል። አዋጅ ቁጥር 482/1998 ዓ.ም. ደግሞ የማኅበረሰብ እውቀት ያለ ባለቤቱ ፈቃድና ድርሻ እንዳይወሰድ በሕግ ደንግጓል። ለዋጊኖስ የዘገየ ሕግ ለሚቀጥለው ዕፅ ይደርሳል።

መንገዱ ወዴት ሊያደርስ እንደሚችል ቻይና አሳይታለች። ሳይንቲስቷ ቱ ዩዩ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ለወባ መድኃኒት ስትፈልግ ፍንጭ ያገኘችው በ4ኛው መቶ ዘመን ከተጻፈ የመድኃኒት መጽሐፍ ነው። መጽሐፉ ለትኩሳት የሚያዝዘውን ዕፅ አፍሉት አላለም፤ በውኃ ነክራችሁ ጨምቁት አለ። እሷም ሙቀት መድኃኒቱን እንደሚያጠፋው ጠርጥራ በዝቅተኛ ሙቀት አወጣችው። አርቴሚሲኒን ተገኘ፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የኖቤል ሽልማት አስገኘላት። ከእሱ የተሠራው ኪኒን እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በጤና ጣቢያዎቻችን የወባ መድኃኒት ሆኖ ይሰጣል። የአዘገጃጀቱን መንገድ አንድ ሰው ከ1,600 ዓመት በፊት ስለጻፈ ዛሬ የጋምቤላና የመተማ ሕፃን ይድናል።

የሚነቀለው ሥር

የእኛ መጻሕፍትና አዋቂዎች ምን እንደያዙ ገና ሙሉ በሙሉ አልመረመርንም፤ ዕፁ ደግሞ እየመነመነ ነው። ገበያ ወርዶ የመድኃኒት ቅመም የሚሸጡ ሴቶች ፊት የቆመ ሰው ቀበርቾና ድንገተኛ ሳያይ አይመለስም። የቀበርቾ ሥር በፍም ላይ ሆኖ ለወላድ፣ ለራስ ምታትና ለቤት ይታጠናል። የድንገተኛ ሥር በቀጭን እስር ተጠቅልሎ ይሸጣል፤ ድንገት ሆድ የያዘው፣ ትኩሳት የተነሳበት ሰው አኝኮ ውኃውን ይውጣል። ሁለቱም ከኢትዮጵያ በቀር የትም አይበቅሉም። የሁለቱም መድኃኒት ሥራቸው ውስጥ ነው። ዳማከሴ ቅጠሏ ቢቀነጠብ ታቆጠቁጣለች፤ ቀበርቾ ሥሩ ሲቆፈር ያልቃል። ገበያ ላይ የሚሸጠው የሁለቱ ሥር በአብዛኛው ከዱር የተነቀለ እንጂ ከማሳ የተመረተ አይደለም፤ ስለዚህ ሻጯ ወደ ኋላ ስትመለስ የምታገኘው በየዓመቱ ይርቃል። አዋቂውም እያረጀ ነው፤ ልጁ ከተማ ገብቶ ሌላ ሙያ ይዟል።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለው ምክር ለሕመምተኛ የተነገረ ነው። ታሪካችን ሲታይ መድኃኒቱን ለደበቀም ይሠራል። ምስጢር እውቀቱን በአንድ ቤት ውስጥ ለዘመናት ጠብቆታል፤ ቤቱ ወራሽ ሲያጣ ግን ያው ምስጢር ቀባሪው ይሆናል። አዋቂው እንዲናገር ከፈለግን ስሙን አስከብረን፣ ድርሻውን በሕግ አረጋግጠን፣ ያለ ንቀት ልንቀርበው ይገባል። ሐኪሙም «ቅጠል ወስደሃል?» ብሎ ሳይቆጣ መጠየቅ አለበት፤ ሕመምተኛው እውነቱን ካልተናገረ ቅጠሉና ኪኒኑ ሆዱ ውስጥ ይጋጫሉ። «ከተፈጥሮ የመጣ አይጎዳም» የሚለውን ወሬ ደግሞ ኮሶ ብቻውን ያፈርሰዋል።

ሥራው ግልጽ ነው። አዋቂው ሳያልፍ ከነመጠኑና ከነክልከላው መመዝገብ፣ የተመዘገበውን በቤተ ሙከራ መፈተን፣ ቀበርቾንና ድንገተኛን ከዱር መንቀሉን ትተን በማሳ መዝራት። እንዶድን የለኩት እጆች የእኛው ነበሩ፤ ያንን ሥራ ለሁለተኛ፣ ለሦስተኛና ለመቶኛ ዕፅ መድገም የዚህ ትውልድ ግዴታ ነው።